በቡና ለቀማ ወራት እንግዳ መቀበል፦ ለሲዳማና ለጌዴኦ ቡና አምራች ቤተሰቦች

ግማሽ ወይም አንድ ሄክታር ቡናና እንሰት ያለው ቤተሰብ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የለቀማ ወቅት ጎብኚ እየተቀበለ ተጨማሪ ገቢ ማግኘት ይችላል። ቅዳሜና እሁድን ሐዋሳ የሚያሳልፉ የአዲስ አበባ ሰዎች፣ ለገና ከውጭ የሚገቡ ወገኖች፣ ቡናን ከምንጩ ማየት የሚፈልጉ የውጭ ዜጎች በይርጋለም፣ በአለታ ወንዶ፣ በዲላና በይርጋጨፌ መንገድ ላይ አሉ። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የሚጎድለው መንገደኛው ጎራ የሚልበት የተሰናዳ ማሳ ነው።

ከሁሉ በፊት ቤተሰቡ ቁጭ ብሎ አንድ ነገር ይወስን፦ እንግዳው ለሥራው ይመቻቻል እንጂ ሥራው ለእንግዳው አይመቻችም። ለቀማ ከዘገየ ፍሬው ዛፉ ላይ ይደርቃል፣ ይረግፋል። የተለቀመ እሸት ቡና በዕለቱ ካልተፈለፈለ ወይም ከፍ ባለ የማስጫ አልጋ ላይ ካልተሰጣ በራሱ መፍላት ይጀምርና ጥራቱ ይወርዳል። ከሦስት ሰዓት ጉብኝት የሚገኝ ገንዘብ ይህን ኪሳራ አይመልስም። ስለዚህ በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ አትቀበሉ፤ በአንድ ጊዜም ከ12 ሰው በላይ አታስገቡ። ከዚያ በላይ ሲሆን አስጎብኚው የሚናገረው ለኋለኞቹ አይሰማም፣ ሰዎች ከመንገድ ወጥተው ችግኝ ይረግጣሉ፣ ቡናውም በአንድ ጀበና አይዳረስም።

ቀኑን ስትመርጡ የአካባቢውን የገበያ ቀን አስወግዱ። በዚያ ቀን እናቶች ቤት አይገኙም፣ መንገዱም በባጃጅና በአህያ ይጨናነቃል። እሁድ ጠዋት ደግሞ የአምልኮ ሰዓት ነው። ቅዳሜና አንድ የሥራ ቀን መያዝ ለአብዛኛው ቤተሰብ ይመቻል። ሰዓቱ ከጠዋቱ 4 እስከ 7 ቢሆን ጥሩ ነው፤ በጥቅምት ዝናቡ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው። ቀጠሮ ስትይዙ ቀኑንም ሰዓቱንም በሁለቱም አቆጣጠር ጽፋችሁ ላኩ። «ጥቅምት 12 ከጠዋቱ 4 ሰዓት» የተባለ የውጭ ዜጋ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ በራችሁን ሊያንኳኳ፣ ወይም ቀኑን በራሱ አቆጣጠር ወስዶ ጭራሽ ላይመጣ ይችላል።

ስለ አበባው ብዙ ሰው ይጠይቃል። የቡና አበባ ከደረቁ ወራት በኋላ የመጀመሪያው ደህና ዝናብ በጣለ በሳምንት በአሥር ቀን ይፈነዳና በሁለት ሦስት ቀን ይረግፋል። የካቲት ወይም መጋቢት ላይ ቀን ቆርጦ መጥራት ስለማይቻል ዝናቡ በጣለ ዕለት ደውላችሁ «በሚቀጥለው ሳምንት ተዘጋጁ» የምትሏቸውን የሐዋሳና የአካባቢውን ሰዎች ስልክ ብቻ መዝግቡ። ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው አበባውን ቃል አትግቡ።

የእንግዳ ረድፍ

እንግዳው በራሱ እጅ መልቀም ይፈልጋል፤ የመጣበት ዋና ምክንያትም እሱ ነው። ማሳውን ሁሉ ከመክፈት ግን ከ25 እስከ 30 ዛፍ ለይታችሁ ግንዳቸው ላይ ቀይ ጨርቅ እሰሩ። ዛፎቹ ከሰው ቁመት ብዙ የማይበልጡ፣ ያሉበት ቦታም ረባዳ ወይም እርከን የተሠራለት፣ ከቤት ከ300 ሜትር የማይርቅ ይሁን። ቡና አንድ ጊዜ ስለማይቀላ በአንድ ወቅት ሦስትና አራት ጊዜ ይለቀማል። ለእንግዳ የሚሻለው ሁለተኛው ዙር ነው፣ ቀዩ ፍሬ ያን ጊዜ ስለሚበዛ። ከጉብኝቱ በፊት ባለው ሳምንት ያንን ረድፍ ሳትነኩ አቆዩት፤ እንግዳው ከሄደ በኋላ ደግሞ የቀረውን ቀይ በዚያው ዕለት ጨርሱት። ለሚቀጥለው ቡድን ብላችሁ ዛፍ ላይ ብታቆዩት ይጠቁራል።

ከመልቀም በፊት ሦስት ፍሬ በእጃችሁ ይዛችሁ አሳዩ፦ አረንጓዴ፣ ገና ቢጫ የቀላቀለ፣ ሙሉ ቀይ። ቀዩን ጨምቃችሁ ጣፋጩን ልጋግ አቅምሱ። ከአምስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ፍሬውን አትስጡ፤ ዘሩ ያንቃል። አለቃቀሙን በቀስታ አስተምሩ፦ አንድ እጅ ቅርንጫፉን ይደግፋል፣ ሌላው እጅ ፍሬውን አንድ በአንድ ጠምዘዝ አድርጎ ይነቅላል። ቅርንጫፍ ወደ ታች ጎትቶ እንደ ገብስ እሸት መሸምጠጥ ክልክል ነው። የሚቀጥለው ዓመት ፍሬ የሚይዘው ዘንድሮ ባደገው የቅርንጫፉ ክፍል ላይ ስለሆነ፣ የተሰበረ ቅርንጫፍ ማለት የጠፋ የከርሞ ምርት ማለት ነው። ይህን ምክንያቱን ነግራችሁ ስትከለክሉ ሰው ይሰማል።

ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ኪሎ የምትይዝ፣ ወገብ ላይ የምትታሰር ትንሽ ቅርጫት ይበቃል። ያልለመደ ሰው በግማሽ ሰዓት ከአንድ ኪሎ ብዙ አያልፍም፤ ከግማሽ ሰዓት በላይ ካስለቀማችሁት ደግሞ ይሰለቻል፣ አረንጓዴውንም መቀንጠስ ይጀምራል። የተለቀመውን ምንጣፍ ላይ ዘርግፋችሁ አረንጓዴውን አብራችሁ ለይታችሁ አውጡ፣ ቀጥሎ ባልዲ ውኃ ውስጥ ጨምሩት። የሚንሳፈፈው ውስጡ ባዶ ወይም በተባይ የተበላ ነው። ይህ ሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል፤ ሰው ግን ከሁሉ አብልጦ የሚያስታውሰው ይህንን ነው።

የእንግዳውን ቡና ከዋናው ምርት ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ። የቱንም ያህል ብትለቅሙት አረንጓዴ አይጠፋውም፤ ያ ደግሞ በማኅበሩ ወይም በማጠቢያ ጣቢያው በር ላይ ሙሉ ጆንያችሁን ያስመልስባችኋል። ለብቻው 1.2 በ2 ሜትር የሆነ ትንሽ አልጋ ሥሩለት። ከፍታው ከ80 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ቢሆን ሕፃናትም ሳይቀሩ በእጃቸው ማገላበጥ ይችላሉ። ፍሬው ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ብቻ ይሰጣ። በቀን ብዙ ጊዜ ይገላበጥ፣ ማታና ዝናብ ሲመጣ ይሸፈን። እንደ አየሩ ሁኔታ ከ15 እስከ 25 ቀን ውስጥ ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ ይሆናል። ዋናውን የማስጫ አልጋ ያሳዩ እንጂ አይነካ፤ ቡና ሽታ ስለሚስብ ሽቶና ቅባት የነካው እጅ፣ ሲጋራም አጠገቡ መድረስ የለባቸውም። እጅ መፈልፈያ ካላችሁ ዘዋሪው ከቤተሰቡ አንድ አዋቂ ይሁን። የልጅ ጣት እዚያ እንዲደርስ አትፍቀዱ።

ቡናው፣ ምግቡ

ዛሬ የተለቀመ ፍሬ ዛሬ አይጠጣም፤ እንግዶች ይህን ስለማያውቁ ቀድማችሁ ንገሯቸው። ስለዚህ ካለፈው ዓመት ምርት 20 ኪሎ ጀንፈል በደረቅ ቦታ አስቀምጡ። ሲወቀጥ ወደ 10 ኪሎ ጥሬ ቡና ይወጣዋል፤ ሲቆላ ደግሞ ከክብደቱ ከመቶ 15 እስከ 20 ይቀንሳል። ለ12 ሰው አቦል፣ ቶናና በረካ ለማፍላት 150 ግራም ጥሬ ቡና ይበቃል። በሳምንት ሁለት ቀን ለስምንት ሳምንት ብትቀበሉ ለጀበና የሚወጣው 2.4 ኪሎ ብቻ ነው፤ የተረፈውን ቆልታችሁ በሩብ ኪሎ አሽጋችሁ ሽጡ። ጥሬ ቡና ለእንግዳ ከመሸጥ በፊት ግን የወረዳውን ንግድ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፤ የቡና ዝውውር በሕግ የሚመራ ስለሆነ ጥሬውን የጫነ እንግዳ መንገድ ላይ ፍተሻ ሊይዘው ይችላል።

ለቡናው ቁርስ ቆሎና ፈንዲሻ ይበቃል። ምሳ ካዘጋጃችሁ ጾሙን አስቡ። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ስለሚቆይ የለቀማውን ግማሽ ይይዛል። ከአዲስ አበባ ከሚመጣው እንግዳ ብዙው ጿሚ ሊሆን ይችላል። ቡርሳሜ፣ በቅቤ የሚለወሰው የቆጮ ምግብ፣ ያለ ቅቤ ቡርሳሜ ስላልሆነ ለጿሚ አይቀርብም፤ ለእሱ ቆጮ በጎመንና በዘይት፣ አሚቾ (የእንሰት ሥር) ተቀቅሎ በዳጣ አቅርቡ። ላልጾመው ቡርሳሜውን በሻፌታ (በሸክላ ማቅረቢያ) ለብቻ አውጡ። ማንኪያና ድስቱ እንዳይቀላቀል ተጠንቀቁ፤ ጿሚ ቅቤ የነካውን አይበላም። ሥጋ ባታቀርቡ ይመረጣል፤ የክርስቲያንና የሙስሊም ዕርድ ጥያቄም አይነሳም፣ ያለ ማቀዝቀዣ የሚበላሽ ነገርም አይኖርም።

ከዚህ ጋር ስለ እናቶች ጉልበት መናገር ግድ ነው። በለቀማ ወራት አልጋ ላይ የሚለቅሙት፣ ውኃ የሚቀዱት፣ ቆጮ የሚጋግሩት እነሱ ናቸው። እንግዳ ሲጨመር ሸክሙ የሚወድቀው እነሱ ላይ ነው፣ ገንዘቡን የሚቀበለው ግን ብዙ ጊዜ አባወራው ነው። ቡና የምታፈላዋና ምግብ የምትሠራዋ የቀን አበል በወጪ ዝርዝር ውስጥ ገብቶ በዕለቱ በእጇ ይሰጣት። ይህ ካልሆነ ሥራው ከአንድ ወቅት አያልፍም፣ ባያልፍም ትክክል ነው።

መጸዳጃ፣ ውኃ፣ መንገድ

እንግዳ ዳግም የማይመጣበት የመጀመሪያው ምክንያት መጸዳጃ ቤት ነው። ጉድጓዱ 3 ሜትር ይጠልቅ፣ ከምንጭ ወይም ከውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ከውኃው በታች ባለው ተዳፋት ላይ ይሁን። ወለሉ በብረት የተጠናከረ ሲሚንቶ ይሁን። 11 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የፕላስቲክ ቱቦ ከጉድጓዱ ተነሥቶ ከጣሪያው 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ አናቱም በወንፊት ሽቦ ይሸፈን። ሽታው በቱቦው ይወጣል፤ ብርሃን ተከትሎ የሚወጣው ዝንብም ወንፊቱ ላይ ይቀራል፤ ይህ የሚሠራው ግን ውስጡ ጨለም ሲል ነው፣ ስለዚህ በሩ ይዘጋ። ሁለት ክፍል፣ ከውስጥ የሚቆለፍ በር፣ ውጭ ደግሞ ቧንቧ የተገጠመለት 20 ሊትር ጄሪካንና ሳሙና ይኑር።

ለአንድ ሰው 10 ሊትር ውኃ አስቡ። ለመጠጥ የሚሆነው ተፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም የታሸገ ብቻ ነው። 500 ሊትር ሮቶ ካለ የሁለት ቡድን ውኃ አያሳስብም።

መንገዱ ከ600 እስከ 800 ሜትር የሚዞርና ወደ ቤት የሚመልስ፣ ወርዱም አንድ ሜትር ይሁን። ቀይ አፈር በዝናብ ስለሚያንሸራትት ዳገቱ ላይ ደረጃ ቆርጣችሁ ጠጠር አፍስሱ፣ በቀርከሃ መደገፊያ አጥሩ፣ በላይኛው ጎን የውኃ ቦይ ቅደዱ። የቡና ገለባ አትድፉ፤ ሲረጥብ ከጭቃው ይብሳል። ቀፎ ካላችሁ መንገዱ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅለት። ውሻ ይታሰር። የድንገተኛ ሕክምና ሣጥንና የሚጠራ መኪና ስልክ በቅርብ ይኑር።

ፈቃድና ሂሳብ

የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያውቃችሁ፣ ቀበሌውም የውጭ ዜጋ እንደሚመጣ አስቀድሞ ይሰማ። ስለ ንግድ ፈቃድና ግብር ከመጀመራችሁ በፊት ጠይቁ። ድሮን ያለ ፈቃድ እንዳይነሳ፣ ለቃሚዎችም ሳይጠየቁ ፎቶ እንዳይነሱ ከመግባታቸው በፊት ለእንግዶቹ ንገሩ። ለሕፃናት ከረሜላና ብር መበተንም ከመግቢያው ይከልከል፤ አንዴ ከተጀመረ የመንደሩ ልጆች ከትምህርት ቤት እየቀሩ በር ላይ ይጠብቃሉ።

ዋጋ ስታወጡ 12 ሰው ይመጣል ብላችሁ አታስሉ፤ በ6 አስሉ። የቀኑን ቋሚ ወጪ፣ ማለትም የአስጎብኚ፣ የምግብ ሠሪና የጽዳት አበል፣ የመጸዳጃውና የመንገዱ ድርሻ፣ ከለቀማ የቀረው ሰው ጉልበት፣ ደምሩና ለ6 አካፍሉ። በላዩ የአንዱን ሰው ምግብና ቡና ጨምሩ፣ ከዚያም ሲሦውን ትርፍ አድርጉ። ለስሌቱ ያህል፦ ቋሚው 1,800 ብር፣ የአንዱ ሰው 250 ብር ቢሆን 300 ሲደመር 250 ያው 550 ነው፤ ሲሦው ሲታከል 733 ብር። እነዚህ ቁጥሮች ማሳያ ናቸው፤ የእናንተን በእናንተ ገበያ ሙሉት። ግማሹን በቴሌብር ቀድማችሁ ተቀበሉ። ያልከፈለ ቡድን የመቅረት ዕድሉ ሰፊ ነው፣ የተጋገረው ቆጮም ይበላሻል።

ዝናብ ቢጥል የሚጠለሉበት ከ12 እስከ 15 ሰው የሚይዝ በእንሰት ቅጠል ወይም በሣር የተከደነ ዳስ ይኑር። ቡናውን ቀድሞ ማፍላትና ለቀማውን ወደ ኋላ መግፋት ይቻላል፤ እርጥብ ረድፍ ውስጥ ሰው ማስገባት ግን ቅርንጫፍ ያስሰብራል።

ታኅሣሥ ሲያልቅ የእንግዳውን ረድፍ ፈትሹ። የተሰበረውን ቅርንጫፍ ቁረጡ፣ የተረገጠውን አፈር በመቆፈሪያ አላሉ፣ ከግንዱ ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ ኮምፖስት ስጡት። ቀዩን ጨርቅ ደግሞ ወደ ሌላ ረድፍ አሸጋግሩ፤ አንድ ረድፍ ሁለት ዓመት ተከታትሎ እንግዳ አይቀበል።