አዲስ ሞተር ሳይክል ሲገዙ የመጨረሻውን ዋጋ በጽሑፍ ይጠይቁ

አዲስ ሞተር ሳይክል ለመግዛት ያሰበ ሰው በማስታወቂያ ያየውን ዋጋ ብቻ ይዞ ወደ ሻጭ ባይሄድ ይመረጣል፤ ያ ዋጋ ብዙውን ጊዜ የሞተር ሳይክሉ ብቻ እንጂ መንገድ ላይ እስኪወጣ ድረስ ያለው ወጪ አይደለምና። ግብር፣ የሰሌዳና የምዝገባ ክፍያ፣ ኢንሹራንስና የማጓጓዣ ሒሳብ ይጨመርበታል።

ብዙዎችን የሚያስገርማቸው ግን የመገጣጠሚያ ክፍያው ነው። አዲስ ሞተር ሳይክል በአብዛኛው በሣጥን ታሽጎ፣ መሪው፣ መስታወቶቹና አንዳንዴም የፊት ጎማው ተፈትተው ስለሚመጣ፣ መካኒኩ ገጣጥሞ፣ ባትሪውን ቻርጅ አድርጎ፣ ብሎኖቹን በልካቸው አጥብቆና ፍሬኑን ፈትሾ ማስረከብ ይኖርበታል። የነጂው ሕይወት የተመካበት ሥራ በመሆኑ ክፍያው በእኔ እምነት ተገቢ ነው፤ ሆኖም አንዱ ሥራ «ዝግጅት» እና «መገጣጠሚያ» ተብሎ ሁለት ጊዜ እንዳይታሰብብዎ ደረሰኙን በጥንቃቄ ያንብቡ።

ስለዚህ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት እያንዳንዱ ክፍያ የተዘረዘረበትን የመጨረሻ ዋጋ በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ምንነቱ ያልገባዎትን ክፍያ ሻጩ ሳያብራራልዎ አይፈርሙ። ለሄልሜት፣ ለጓንት እንዲሁም ብዙውን ጊዜ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሞላ ለሚደረገው የመጀመሪያ ሰርቪስና የዘይት ቅያሪ የሚሆን ገንዘብም አስቀድመው ለብቻው ያስቀምጡ።