ሰፈር ውስጥ ዛፍ የምትንከባከቡ ጎረቤቶች፣ እነዚህን ስህተቶች እባካችሁ አትድገሙ

ሐምሌ 22 ቀን 2011 መንግሥት በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ብሎ ባወጀበት ዕለት እኛም ኮንዶሚኒየማችን መሃል ያለችውን ባዶ ቦታ ቆፍረን ወደ 60 ችግኝ ተክለን ነበር። ዶማ ያለው ዶማ ይዞ፣ አካፋ ያለው አካፋ ይዞ፣ እናቶች ቡና አፍልተው፣ ህጻን ሽማግሌ ሳይል ሁሉም ወጣ። በዓመቱ ግንቦት ላይ ስንቆጥር የቀሩት 11 ናቸው።

በየዓመቱ በየሰፈሩ የማየው ትልቁ ስህተት ይሄው ነው፣ ተክሎ መጥፋት። ሐምሌ ላይ መትከል እኮ ምንም አይከብድም፣ መሬቱ ርሷል፣ ሰማዩ ራሱ ያጠጣል፣ እስከ መስከረም ድረስ ችግኙ ለምልሞ ስታዩት ጸደቀ ብላችሁ ታርፋላችሁ። ጥቅምት ላይ ዝናቡ ይሄዳል፣ ኅዳር ላይ አፈሩ መሰንጠቅ ይጀምራል፣ ጥር ላይ መሬቱ ድንጋይ ነው፣ በልግ ቢመጣም አንዴ ጠብ ብሎ ይጠፋል። ችግኙ ደግሞ ከችግኝ ጣቢያ ሲመጣ በየጊዜው ውሃ የለመደ ነው፣ ስሩም ከስንዝር ብዙም አያልፍም፣ በዛች ስር ስምንት ወር ሙሉ ብቻህን ተወጣው ማለት መግደል ነው። እኔም ከነዛ ሰዎች አንዱ ነበርኩ፣ በረንዳዬ ላይ ቆሜ ወደ ታች እያየሁ "ሰው ያጠጣው ይሆናል" እያልኩ ስንት ሳምንት አሳለፍኩ፣ ሁላችንም እንደዛ እያልን ነበር ለካ።

ስለዚህ ስንት ችግኝ እንትከል ስትሉ ሐምሌ ላይ የሚመጣውን ሰው አትቁጠሩ፣ ጥር ላይ ጄሪካን የሚሸከመውን ቁጠሩ! እኛ አሁን ለአንድ ቤት ከሦስት ችግኝ በላይ አንሰጥም፣ የማን ዛፍ የቱ እንደሆነም በስም ተጽፏል። በሳምንት ሁለቴ፣ ፀሐይ በረድ ሲል፣ ቀስ አድርጎ ወደ ታች እስኪሰርግ ማጠጣት ነው። በየቀኑ ላዩን ብቻ እርጥብ ማድረግ ስሩን ላይ ላይ ያስቀረዋል፣ አንድ ሳምንት ከረሳችሁት ያልቅለታል። ይሄ የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጋ ነው፣ ከዛ በኋላ ብዙው ራሱን ይችላል። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ደግሞ በርሜል ያስፈልጋችኋል። አትክልት የታጠበበት ውሃ ይሆናል፣ ሳሙናና በረኪና ያለበትን ግን በጭራሽ አትድፉበት።

ችግኙ ያደገበትን ላስቲክ ሳያወጡ መትከል። ይሄ ገና አለ፣ አምና ራሱ አይቻለሁ። አንዱን የደረቀ ችግኝ ስነቅለው ከነላስቲኩ ወጣ፣ ስሩ መውጫ አጥቶ ውስጥ ውስጡን እንደ ክር ልቃቂት ተጠምጥሟል፣ በጣም ነው ያሳዘነኝ። ላስቲኩን በምላጭ ከጎኑ ቅደዱት፣ አፈሩ እንዳይበተን ደግፋችሁ አስገቡት፣ ታች የተጠቀለለ ስር ካለ ቁረጡት። ግንዱን አትቅበሩ፣ ላስቲኩ ውስጥ የነበረው አፈር ከመሬቱ እኩል ይሁን።

በሽቦ ማሰር የኔ ጥፋት ነው። አንድ ግራቪሊያ እንዳይዘም ብዬ ከእንጨት ጋር በሽቦ አስሬ ረሳሁት፣ ዛፉ ሲወፍር ሽቦው ልጡን በልቶ ገባ፣ በሁለተኛው ዓመት ነፋስ መጥቶ ልክ እዛችው ጋ ቀነጠሰው። በጨርቅ ቁራጭ ላላ አድርጋችሁ እሰሩ፣ በዓመቱም ፍቱት።

የዛፍ ምርጫ ላይ ሰው ቶሎ የሚያድግ ይፈልጋልና ባህር ዛፍ ይላል። በምኒልክ ዘመን የገባው ለአዲስ አበባ የማገዶ ችግር ነበር፣ ለዛ ጠቅሟል፣ ግን ጠባብ ግቢ ውስጥ ውሃውን ጠጥቶ ሥሩ ምንም አያበቅልም። ዋንዛና ዝግባ ደስ ይላሉ ግን ሰፊ ቦታ ይፈልጋሉ፣ ግድግዳ ስር አትትከሏቸው። መብራት ገመድ ስር የሚያድግ ዛፍ ደግሞ የሆነ ቀን አናቱ ይቆረጣል። እኔ ወይራ ነው የምመክረው፣ አስተዳደጉ ቀርፋፋ ነው ግን አንዴ ከያዘ ድርቅ ይችላል።

በግ! ለፋሲካ አካባቢ ነጋዴ መጥቶ አረንጓዴ ያየበት ያስራል። አንድ ዓመት በአንድ ሌሊት አራት ችግኝ ተበላብን፣ ጠዋት ወርጄ በጎቹን ያሰረው ልጅ ላይ ጮህኩበት። "ጋሼ፣ እዚህ አትሰር ያለኝ እኮ የለም" አለኝ፣ እውነቱን ነበር። በዓሉ ሳይደርስ ቀድማችሁ አናግሩ፣ የሚያስርበትን ቦታ ራሳችሁ አሳዩት፣ ችግኙንም በእሾህ እጠሩት። በሚቀጥለው ዓመት ባሳየነው ቦታ አስሮ ሌሎቹን ነጋዴዎችም እዛ እንዲያስሩ የሚነግራቸው እሱ ነበር።

የተጠረገ ቅጠል ግንድ ስር አታቃጥሉ፣ ጉድጓድ ቆፍራችሁ አበስብሱት።

ልጆችን ማባረርም ስህተት ነው። የኳስ ቦታቸው ላይ ተክለን በየሳምንቱ ሲሰበር ስንጨቃጨቅ ከረምን፣ በኋላ መሃሉን ለነሱ ትተን ዳር ዳሩን ተከልን፣ እያንዳንዳቸውም አንድ አንድ ዛፍ ያዙ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ውሃ የሚያመላልሱት እነሱ ናቸው።

ከሁሉ በፊት ደግሞ ኮሚቴውንና ወረዳውን ጠይቁ፣ የውሃ መስመሩ በየት በኩል እንደሚያልፍም የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ዙሩ። ጎረቤታችን ያለው ብሎክ ሳይጠይቅ ተክሎ፣ ቧንቧ ሲጠገን የሦስት ዓመት ዛፎች በአንድ ጠዋት ተነቀሉበት።