ከከሰል ወደ አክቲቬትድ ካርቦን፦ የሁለተኛው እሳት ሥራ

በወሎ ቆላ ከሰል ማክሰል ነባር ሙያ ነው። እንጨቱን ከምሮ፣ በሣርና በአፈር አልብሶ፣ አየር እየነሱ ቀስ በቀስ ማጨስን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ሽታና ቀለም ከውሃ ለማስወገድ የሚፈለገው አክቲቬትድ ካርቦን ግን ተራው ከሰል ተፈጭቶ የሚገኝ አይደለም። ሽታውንና ቀለሙን የሚይዙት፣ በመጀመሪያው እሳት የሚፈጠሩት ጥቃቅን ቀዳዳዎች በአብዛኛው ሬንጅ በመሰለ ዝቃጭ ተደፍነው ይቀራሉ። ሁለተኛው እሳት ይህን ዝቃጭ ያስወግድና የቀዳዳዎቹን ግድግዳ በመጠኑ እየበላ ያሰፋቸዋል፤ ሥራው ከተሳካ የ1 ግራም ከሰል ውስጣዊ ገጽ ከ500 ካሬ ሜትር በላይ ይሆናል።

ጥሬ ዕቃ ሲመረጥ በቆቦና በከሚሴ ዙሪያ በብዛት የሚገኘው የማሽላ አገዳ ቀድሞ ሊታሰብ ይችላል። እኔ አልመክረውም፤ የከብት መኖ ከመሆኑም በላይ ከሰሉ ስስና ፍርክስክስ፣ አመዱም ብዙ ነው። የኮክ ፍሬ ውስጥ ያለው ጠንካራ ዘር፣ የባሕር ዛፍ ቁርጥራጭ ወይም የበቆሎ ቆረቆንዳ የተሻለ ነው፤ ከሦስቱም ቀዳሚው የኮክ ዘር ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት ለጋዝ ጭምብል የሚሆን ከሰል ለመሥራት ሕዝቡን የኮክ ዘር እንዲያጠራቅም የጠየቀው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ እንዲህ ያለው ጠጣር ዘር ጥቃቅን ቀዳዳ የበዛበትና በቀላሉ የማይደቅ ከሰል ይሰጣል።

ዕቃው እንጨት ከሆነ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ በደንብ መድረቅ አለበት። በወሎ ደጋ የበልጉም የክረምቱም ዝናብ ስላለ፣ ማድረቁን ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው በጋ መጨረስ ይሻላል፤ እርጥብ ዕቃ ማገዶውን በከንቱ ይጨርሳል።

ለመጀመሪያው እሳት ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ወፍራም የብረት ዕቃ ያስፈልጋል። ክዳኑ ላይ ጣት የሚያስገባ አንድ ቀዳዳ ይበጅለት፤ ፈጽሞ የተደፈነ ዕቃ ጋዙ መውጫ ሲያጣ ይፈነዳልና። ዕቃው ተሞልቶ፣ የክዳኑ ዙሪያ በጭቃ ተለስኖ፣ ከውጭ ይነደድበታል። በመጀመሪያ የሚወጣው ነጭና ወፍራም ጭስ ባብዛኛው የውሃ እንፋሎት ነው፤ ቀጥሎ ቢጫ የሚመስል፣ ዓይን የሚቆጠቁጥ ጭስ ይመጣል፤ ይህም በእሳት የሚያያዝ ነው። ጭሱ ስስ ሆኖ ሊጠፋ ሲቃረብ፣ ሙቀቱም ከ400 እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከቆየ፣ ከሰሉ ደርሷል። ከደረቁ ዕቃ ክብደት ከሩብ እስከ ሲሶ ያህሉ ይቀራል።

ከዚህ በኋላ ቀዳዳውን በጭቃ ደፍኖ አንድ ሌሊት ሙሉ ማቀዝቀዝ ግዴታ ነው። እኔ የመጀመሪያውን በዚያው ማታ፣ ውጭው በእጅ ሲነካ ስለበረደ ብቻ፣ ከፈትኩት፤ ከሰሉ አየር እንዳገኘ ፍም ሆነና ጠዋት ያፈስኩት አመድ ነበር።

ሁለተኛው እሳት፣ ማለትም ማንቃቱ፣ ከ800 እስከ 900 ዲግሪ ይጠይቃል፤ የወጥ ቤት ምድጃ እዚያ አያደርስም። በወናፍ ወይም በኤሌክትሪክ ነፋሽ የሚሠራ የቀጥቃጭ ምድጃ ግን ያደርሳል። የሙቀት መለኪያ ቢኖር መልካም ነው፤ ከሌለ የባለ እጁ ዓይን ይበቃል፤ ጥላ ውስጥ ሲታይ ደብዛዛ ቀይ የሆነ ብረት ገና ስለሆነ፣ ከደማቅ ቀይ አልፎ ወደ ብርቱካንማ ሲያደላ ነው የሚፈለገው።

ከሰሉ የአተር ፍሬ አክሎ ተሰባብሮና ተመዝኖ፣ ከታች እንፋሎት የሚያስገባ፣ ከላይ ጋዝ የሚያስወጣ ቧንቧ በተበየደበት ወፍራም የብረት ዕቃ ውስጥ ይገባል። እንፋሎቱ ከሌላ ማፍያ ይመጣል፤ በመካከሉ መዝጊያ ቧንቧ አይደረግም፤ ማፍያው ግፊት እንዳይጠራቀምበት ነው። እንፋሎቱ የሚለቀቀው ዕቃው ከቀላ በኋላ ብቻ ሲሆን፣ ፈሳሽ ውሃ ከጋለው ብረት እንዳይደርስ ቧንቧው አስቀድሞ መሞቅ አለበት። የጋለው ካርቦን ከእንፋሎቱ ጋር ተዋህዶ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ይሰጣል። የመጀመሪያው ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ፣ ሁለተኛው ፈንጂ ስለሆነ፣ ሥራው ሜዳ ላይ ይሁን፤ የሚወጣውም ጋዝ እዚያው ቧንቧው አፍ ላይ ይቃጠል።

የእንፋሎቱን መጠን በስሌት መገመት ይቻላል። 12 ግራም ካርቦን የሚበላው 18 ግራም ውሃ ነው፤ ስለዚህ ከ1 ኪሎ ከሰል 400 ግራሙን ለማስበላት ቢያንስ 600 ግራም እንፋሎት ያስፈልጋል። ብዙው ሳይዋሃድ ስለሚያልፍ የዚህን ሁለትና ሦስት እጥፍ ማዘጋጀት ይገባል። ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት በኋላ እንፋሎቱ ይቁም፤ የቧንቧው አፍ ነበልባል ሲጠፋ ማፍያው ተለያይቶ ሁለቱም ቀዳዳዎች በጭቃ ይደፈኑ፤ አሁንም ይደር። በማግስቱ ሲመዘን ከ30 እስከ 50 በመቶ መቅለሉ መልካም ምልክት ነው፤ ከዚያ በታች ከሆነ ገና አልነቃም፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ቀዳዳዎቹ ከመጠን በላይ ሰፍተው ግድግዳው መፍረስ ጀምሯል።

በእንፋሎት ፈንታ በፎስፎሪክ አሲድ ነክሮ ከ400 እስከ 600 ዲግሪ ማቃጠልም ይቻላል፤ ፋብሪካዎች ይሠሩበታል። የአሲዱ ጭስና የእጥበቱ ፍሳሽ የሚያዝበት ቦታ ለሌለው ሰው ግን አይሆንም። ከሰልን ሎሚ ውስጥ ዘፍዝፎ ማድረቅ ደግሞ ዋናውን ሙቀት አይተካም።

የነቃው ከሰል አመዱ እስኪለቅ በሙቅ ውሃ ደጋግሞ ይታጠብና በለስላሳ እሳት ምጣድ ላይ ይደርቃል። ለመፈተሽ፣ በሁለት ብርጭቆ ውሃ ውስጥ እኩል ጠብታ የቁስል አዮዲን ጨምሮ፣ በአንዱ አንድ ማንኪያ ተራ ከሰል፣ በሌላው አንድ ማንኪያ የነቃውን፣ ሁለቱንም እኩል አልመው፣ ጨምሮ ማማሰልና ካጠለሉ በኋላ ማነጻጸር ነው። የነቃው ቡናማውን ቀለም ከተራው በግልጽ አብልጦ ካላጠፋ ወደ ምድጃው ይመለስ።

ይህ ከሰል የክሎሪን ሽታን፣ ቀለምንና አንዳንድ የፀረ ተባይ ቅሪትን ይይዛል፤ ጀርም አይገድልም፤ ጨውና ፍሎራይድም በሚገባ አያስወግድም። የሚጠጣ ውሃ ከተጣራ በኋላ ይፈላ፤ ወይም ውሃ አጋርን የመሰለ ክሎሪን ያለበት ማከሚያ ይጨመርበት። ማከሚያው ከማጣሪያው በፊት ከተጨመረ ግን ከሰሉ ራሱ ክሎሪኑን ይበላዋል። እቤት የተሠራው ለመዋጥም አይሆንም፤ የሐኪም ቤቱ በመድኃኒት ደረጃ ተጣርቶ የተሠራ ነው። የተረፈውን በሚገጥም ጣሳ ከድኖ ከላምባና ከበርበሬ ማራቅ ይገባል፤ አለዚያ ሥራ ሳይጀምር በእነርሱ ሽታ ይሞላል።