ጀማሪ የሥነ ልቦና አማካሪዎች ሱፐርቪዥን ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአሜሪካዋ ቨርጂኒያ ግዛት ማስተርስ መያዝ ብቻውን የአማካሪነት ፈቃድ አያሰጥም። ከዚያ በኋላ ሬዚደንት፣ ማለትም በሥልጠና ላይ ያለ አማካሪ ሆኖ 3,400 ሰዓት በሱፐርቫይዘር (ሥራውን በሚከታተልና በሚያርም ባለሙያ) ሥር መሥራት ይቀራል። ቢያንስ 2,000ው ሰዓት ከደንበኛ ጋር በቀጥታ የሚሠራ ነው። ቢያንስ 200ው ደግሞ ከሱፐርቫይዘር ጋር ተቀምጦ ስለ ሥራው መነጋገሪያ ነው፤ ሱፐርቪዥን የሚባለው ይህ ነው። እነዚህ 200 ሰዓታት ሲባክኑ ማየት ያሳዝነኛል።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ጥሩ የሄደውን ብቻ ይዞ መቅረብ ነው። ታላቅና አስተማሪ ፊት ድክመትን አለማሳየት አብሮን ያደገ ነገር ነው። ስለዚህ "ደህና ነች፣ እየተሻላት ነው" ብለን እንወጣለን። ሱፐርቫይዘሩ ግን ክፍሉ ውስጥ አልነበረም፤ ያልነገሩትን ሊያርም አይችልም። ደንበኛዋ በተከታታይ ከቀረችብዎት፣ ሲያወራ የሚያናድድዎት ሰው ካለ፣ ስለደረሰባት ጥቃት ልትነግርዎት ስትጀምር ወሬ ከቀየሩባት፣ መነሳት ያለበት እሱ ነው። ትዝታም ለራስ ያደላል። በደንበኛው የጽሑፍ ፈቃድ የተቀዳ ድምፅ አምጥቶ አሥር ደቂቃ አብሮ መስማት ከረጅም ትረካ ይበልጣል። ንግግሩ በአማርኛ ከሆነና ሱፐርቫይዘሩ አማርኛ ካልሰማ፣ የከበደዎትን ቦታ ቃል በቃል ጽፈውና ተርጉመው ይውሰዱ። አድካሚ ነው። ግን "ባህላችን ነው" ብሎ ከማለፍ በብዙ ይሻላል።

ሁለተኛው አስጊ ነገርን እስከ ቀጠሮ ማቆየት ነው። ራስን የማጥፋት ሐሳብ፣ ሕፃን ላይ የሚደርስ ጥቃት ወይም ሰው የመግደል ዛቻ ከሰሙ ያኔውኑ ይደውሉ። በግዛቲቱ ደንብ መሠረት ለሬዚደንቱ የሕክምና ሥራ ሙሉ ኃላፊነት የሚወስደው ሱፐርቫይዘሩ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ማታ መደወል ማስቸገር አይደለም። እሱ ካልተገኘ ለማን እንደሚደወልም ገና ከመጀመሪያው ይጠይቁ።

ቅርበት ያለውን ሰው ሱፐርቫይዘር ማድረግም ጣጣ አለው። እዚሁ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ አካባቢ ሐበሻው እርስ በርሱ ይተዋወቃል። የዕቁብ ሰብሳቢዎን "በዚህ አልስማማም" ለማለት ይደፍራሉ? እሳቸውስ "ገና ብቁ አይደለም" ብለው ለመጻፍ? ደንቡም ገለልተኝነትን የሚያዛባ ግንኙነት ያለው ሰው ሱፐርቫይዝ እንዳያደርግ ይከለክላል።

ገና በሥልጠና ላይ መሆንዎን ከደንበኛ አይደብቁ። ሬዚደንት መሆንዎን፣ የሱፐርቫይዘርዎንም ስምና አድራሻ በጽሑፍ ማወቅ አለበት። የሚነግርዎትን ሌላ ሰው ይሰማዋል፤ ይህን የማወቅ መብት አለው።

የወረቀቱ ነገርም አለ። ከተመረቁ በኋላ የሬዚደንትነት ፈቃዱ ሳይወጣ የሠሩት ሰዓት አይቆጠርም። ከ200ው በቡድን ሱፐርቪዥን የሚሞላውም እስከ ግማሹ ብቻ ነው። ሰዓቱን በየጊዜው እያስፈረሙ ኮፒውን እርስዎ ጋ ያስቀምጡ። ሱፐርቫይዘሩ ሥራ ከለቀቀ ወይም ከተጣላችሁ በኋላ ያለፈ ዓመት ፊርማ መለመን ከባድ ነው።