በላፕቶፕ ካሜራ ጥርት ያለ ቪዲዮ ለመቅረጽ

በላፕቶፓችሁ ካሜራ ስትቀርጹ ምስሉ ይደበዝዛል? አዲስ ካሜራ ለመግዛት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ብርሃኑን አስተካክሉ።

የላፕቶፕ ካሜራ ሌንሱም ሴንሰሩም (ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል) በጣም ትንሽ ነው። ብርሃን ሲያንሰው ምስሉን በግድ ያደምቀዋል፤ ያኔ ፊታችሁ ላይ አሸዋ የተበተነ ይመስላል። እያንዳንዱን ፍሬም (ቪዲዮው የተሠራበትን ነጠላ ምስል) ለመያዝም ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚወስድ፣ እጃችሁን ስታንቀሳቅሱ ይደበዝዛል። ስለዚህ ፊታችሁን ወደ መስኮት አዙራችሁ ተቀመጡ። መስኮቱ ከጀርባችሁ ከሆነ ፊታችሁ ይጠቁራል። ፀሐዩ በቀጥታ ከገባ ስስ ነጭ መጋረጃ ጋርዱበት፤ ነጠላም ይሆናል።

ማታ በመብራት ስትቀርጹ ምስሉ ላይ መስመር መስመር እየሠራ ብልጭ ድርግም ይላል? የካሜራው ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ 60 ኸርዝ የሚለውን ወደ 50 ቀይሩት፤ ኸርዝ ማለት ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ የሚለካበት ነው። የኢትዮጵያ መብራት 50 ኸርዝ ነው። አሜሪካ ያላችሁ ግን 60 ላይ ተዉት። ይህችን ነገር ብዙ ሰው አያውቃትም፤ እስኪ ሞክሯት።

ላፕቶፑን መጻሕፍት ደርድራችሁ ከፍ አድርጉት፤ ካሜራው ከዓይናችሁ ትክክል ይሁን። ዝቅ ብሎ ሲቀመጥ የሚቀርጸው አገጭና ኮርኒስ ነው። ሌንሱንም በመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ ጥረጉት። ክዳኑን ስትከፍቱ የጣታችሁ ወዝ የሚያርፈው እዚያው ላይ ነው።

ደግሞ በቪዲዮ ጥሪ ፕሮግራም አትቅረጹ፤ ኢንተርኔቱ ሲደክም ጥራቱን ይቀንሰዋል። ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን የካሜራ አፕ ክፈቱና ጥራቱን እስከሚችለው ከፍ አድርጉት።