የአውቶማቲክ መኪና ማርሽ ከ«ፒ» አልወጣ ሲል ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በባሕር ዳር እንደ ቪትዝ ያለ አውቶማቲክ መኪና የሚነዳ ሰው አንድ ቀን የማርሽ ዘንጉ «ፒ» (የመኪና ማቆሚያ ማርሽ) ላይ እንደ ተቸነከረ ቢቀርበት ካምቢዮው የተበላሸ ሊመስለው ይችላል። ዘንጉን የያዘው ግን ብዙውን ጊዜ ሆን ተብሎ የተሠራ መቆለፊያ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ዘንጉን በጉልበት መጎተት ነው። ቁልፉ ተከፍቶ ፍሬን እስካልተረገጠ ድረስ ከዘንጉ ሥር ያለው በኤሌክትሪክ የሚሠራ መቀርቀሪያ ማርሹን ከ«ፒ» አያስወጣም፤ ፍሬን ሲረገጥ ከፔዳሉ በላይ የተገጠመው ስዊች ምልክት ይሰጥና መቀርቀሪያው ይለቃል። በጉልበት የሚጎትት ሰው ፕላስቲኩን ይሰብራል ወይም ኬብሉን ያበላሻል።

ከዚህ የሚብሰው የኋላውን የፍሬን መብራት ሳያዩ ካምቢዮ ለማስፈታት መሮጥ ነው። በአብዛኞቹ መኪኖች መቀርቀሪያውን የሚያስለቅቀው ስዊች የፍሬን መብራቱንም የሚያበራው ራሱ ስለሆነ፣ ፍሬኑን ረግጠው ሌላ ሰው ከኋላ እንዲያይልዎ ያድርጉ። መብራቱ ካልበራ በቅድሚያ ፊውዙንና ስዊቹን ያስፈትሹ፤ በርቶም ዘንጉ ካልተነቃነቀ ጥርጣሬው ወደ መቀርቀሪያው ወይም ወደ ሽቦው ይዞራል። ባትሪ ሲደክምም መቀርቀሪያው አይለቅም። ብስክሌትና ባጃጅ በሚበዛበት ከተማ የፍሬን መብራት የሌለው መኪና ከኋላ ለሚመጣው ሁሉ አደጋ መሆኑን እዚህ ላይ ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም።

ሦስተኛው በድንገተኛ ማስለቀቂያው ዕለት ዕለት መጠቀም ነው። በብዙ መኪኖች ከዘንጉ አጠገብ በትንሽ ክዳን የተሸፈነ ቀዳዳ አለ፤ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ፍሬንም ተረግጦ በካቻቢቴ ሲጫኑት ማርሹ ይወጣል። ይህ ጋራዥ ለመድረስ ብቻ የተሰጠ መፍትሔ ነው፤ መቆለፊያው ያለ ምክንያት አልተሠራምና። በ1980ዎቹ በአሜሪካ አውዲ 5000 የተባለው መኪና ያለ አሽከርካሪው ፈቃድ ይፈተለካል የሚል አቤቱታ በዛበት፤ የመንግሥት ጥናት በ1989 የደረሰበት ዋና ምክንያት ግን አሽከርካሪዎች ፍሬን የረገጡ መስሏቸው ነዳጅ መስጫውን መርገጣቸው ነበር። መቆለፊያው እግርዎ ፍሬኑ ላይ መሆኑን ያረጋግጣል፤ መኪና ውስጥ ብቻውን የቀረ ሕፃን ዘንጉን ጎትቶ መኪናውን እንዳያንቀሳቅስም ይከላከላል። በአሜሪካ ከመስከረም 2010 ጀምሮ ለሚመረቱ ቀላል አውቶማቲክ ተሽከርካሪዎች ግዴታ የሆነውም ስለዚህ ነው። (ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቁልፉ አልነቀል ሲልም አይታገሉት፤ ዘንጉ «ፒ» ላይ በትክክል መግባቱን ይመልከቱ።

የመጨረሻው ስህተት ከመቆለፊያው ጋር የሚምታታው የዳገት አቋቋም ነው። ወደ ቤዛዊት ቤተ መንግሥት በሚወስደው ዓይነት ዳገት ላይ «ፒ» አስገብተው ፍሬኑን ቢለቁ፣ የመኪናው ክብደት በሙሉ ካምቢዮው ውስጥ ባለች አንዲት የብረት ጥርስ ላይ ያርፋል፤ ሲነሡ ዘንጉ ይከብዳል፣ ሲወጣም በኃይል ይመታል። ፍሬኑን እንደረገጡ ማርሹን «ኤን» (ዜሮ ማርሽ) ላይ ያድርጉ፤ የእጅ ፍሬኑን አጥብቀው ይያዙ፤ ክብደቱ በእጅ ፍሬኑ ላይ እስኪያርፍ እግርዎን ቀስ ብለው ያላሉ፤ ከዚያም ፍሬኑን እንደገና ረግጠው «ፒ» ያስገቡ።