በጣና ዳርቻ በንጋት የሚነሱ የእንስሳት ፎቶዎች ለምን ነጠብጣብ ይበዛባቸዋል?

ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ፣ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ የሚያነሳ ሰው ዘወትር የሚገጥመው ችግር፣ ፎቶው በኮምፒውተር ሲከፈት ቆዳው ላይ አሸዋ የተበተነበት መምሰሉ ነው። ይህ ነጠብጣብ በፎቶ አንሺዎች ዘንድ ኖይዝ ይባላል። ብዙዎች ጥፋቱን ሁሉ በአይኤስኦ (ካሜራው ምስሉን በምን ያህል እንደሚያፈካ በሚወስነው ቅንብር) ላይ ይጥላሉ፤ ዋናው ምክንያት ግን ሴንሰሩ (ብርሃን ተቀባዩ የካሜራ ክፍል) ላይ የደረሰው ብርሃን ማነሱ ነው።

ምልክት፦ ውሃው ጥሩ ሆኖ ሳለ ጉማሬው ጠቁሯል፤ በኮምፒውተር ሲያፈኩት ደግሞ ነጠብጣቡ ይበዛል።

ጎህ ሲቀድ ሐይቁ ሰማዩን ስለሚያንጸባርቅ፣ ካሜራው ቦታው ሁሉ ብሩህ እንደሆነ ቆጥሮ ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ከውሃው በላይ ጆሮው፣ ዓይኑና አፍንጫው ብቻ የሚታየው ጉማሬም ጨለማ ውስጥ ይቀራል። በጨለመው ክፍል የኖይዙ ድርሻ ከፍተኛ ስለሆነ፣ ፎቶው በኋላ ሲፈካ ነጠብጣቡም አብሮ ይጎላል። ስለዚህ የኤክስፖዠር ማካካሻውን (ካሜራው የመረጠውን የብርሃን መጠን መጨመሪያና መቀነሻውን) በ1 ስቶፕ ገደማ፣ ማለትም በእጥፍ፣ ከፍ ያድርጉ፤ ሂስቶግራሙን (የፎቶውን የብርሃን ስርጭት የሚያሳየውን ግራፍ) እየተመለከቱም የውሃው ነጸብራቅ ዝርዝሩን እስኪያጣ ድረስ እንዳይሄድ ይጠንቀቁ። ጭማሪው ከተቻለ ሻተሩን በማዘግየት (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ በማርዘም)፣ ካልተቻለ አይኤስኦን ከፍ በማድረግ ይሁን። በተመሳሳይ ሻተርና አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት)፣ በአይኤስኦ 3200 የተነሳ ፎቶ በ800 ጨልሞ ተነስቶ በኋላ ከፈካው አይከፋም፤ በብዙ ካሜራዎች እንዲያውም ይሻላል። አይኤስኦን መፍራት ከራሱ ከአይኤስኦ ይልቅ ብዙ ፎቶ ያበላሻል የምለው ለዚህ ነው።

ምልክት፦ እንስሳው ቆሞ ሳለ አይኤስኦው 6400 ደርሷል።

ለበራሪ ወፍ የተመረጠው የሻተር ፍጥነት ሳይቀየር ቀርቷል ማለት ነው። ለሚበር ፔሊካን 1/1600 ሰከንድ ተገቢ ነው፤ ደንገሉ ጥግ ዝም ብሎ ለቆመ ጉማሬ ግን 1/200 ብዙ ጊዜ ይበቃል። ለውጡ 8 እጥፍ ብርሃን ስለሚያስገባ አይኤስኦው ወደ 800 ይወርዳል። በጀልባ ላይ ከሆኑ ሌንሱን በጀልባው ጠርዝ ላይ አያሳርፉ፤ የሞተሩ ንዝረት ወደ ሌንሱ ስለሚተላለፍ በክንድዎ ደግፈው ይያዙት። ንዝረቱን ለማስቀረት ብሎ ከጉማሬ አጠገብ ሞተር ማስጠፋት አደገኛ ነው። ደጋግመው ካነሱ የጠራው ይገኛል።

ምልክት፦ ሙሉው ፎቶ ደህና ነው፤ ተቆርጦ ሲጎላ ይበላሻል።

በርዝመትም በወርድም ግማሹን ሲቆርጡ ሴንሰሩ ከሰበሰበው የሚቀረው ሩቡ ብቻ ነው። ረጅም ሌንስ ከሌለ፣ ወደ ጉማሬው ከመቅረብ ይልቅ ደንገሉንና ውሃውን አካትቶ በሰፊው ማንሳት ይሻላል።

ምልክት፦ ረጅም ጊዜ ወስደው በተነሱ የሌሊት ፎቶዎች ሁሉ፣ ቀይ ወይም ሰማያዊ ነጥብ አንድ ቦታ ላይ ይታያል።

የሴንሰሩ ሙቀት ውጤት ነው። የካሜራውን የረጅም ኤክስፖዠር ኖይዝ መቀነሻ ያብሩ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ የሚቀረውን ነጠብጣብ ለሶፍትዌር ይተዉት፤ ለዚህም ፎቶውን በጄፔግ ሳይሆን በሮው (ካሜራው ባላቀናበረው ጥሬ ፋይል) ያንሱ። መጀመሪያ የቀለሙን ኖይዝ ያጥፉ፤ የብርሃኑን ኖይዝ (የድምቀት ነጠብጣቡን) ግን የወፉን ክንፍ አጉልተው እያዩ ቀስ በቀስ ይቀንሱ፣ የላባው ጭረት መደብዘዝ ሲጀምርም ያቁሙ።